ጓሮዬ ጡብ ሆነብኝ፣ አሸዋ ብጨምርበት ጭራሽ ባሰበት፣ ምን ላድርግ?

ችግኝ ገዳይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እጄ ነክቶት የተረፈ ችግኝ ስለሌለ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አዲስ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ገባን፣ ከጀርባው 6 በ 8 ሜትር የሚሆን ባዶ ጓሮ አለው፣ እኔም ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ካሮት እያልኩ በሐሳቤ ሁሉንም ተክዬ ጨረስኩ። አፈሩ ግን ምኑም አፈር አይመስልም። ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ጫማዬ ላይ እየተደራረበ ቁመት ይጨምርልኛል። አንድ ቪዲዮ ላይ "ሸክላ አፈር ከሆነ አሸዋ ቀላቅሉበት" ሲል ሰማሁና 10 ጆንያ አሸዋ አስመጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ቀላቀልኩት፣ አጠጣሁት፣ ፀሐይ መታው፣ ከዛ በኋላ ዶማ ሲያርፍበት ቀጭ ይላል። ሙት።

ቲማቲሞቹ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ደህና ነበሩ፣ ከዛ ባሉበት ቀሩ፣ አያድጉም አይሞቱም፣ የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ውሃ ሳጠጣ ላይ ላዩን ኩሬ ሠርቶ ይቆማል። እስካሁን የእንቁላል ቅርፊትም፣ የቡና አተላም፣ አመድም እየበተንኩ ነበር፣ ይጠቅማል አይጠቅምም እሱንም አላውቅም። አሁን ያሰብኩት 30 ሳንቲ ያህል አስቆፍሬ አፈሩን አውጥቼ ጥሩ ጥቁር አፈር ገዝቶ መሙላት ነው። ባለቤቴ ደግሞ "ሲሚንቶ አፍስሰንበት መኪና እናቁምበት" እያለ ነው፣ እና እባካችሁ እሱ ከማሸነፉ በፊት ድረሱልኝ።

ዶማና አካፋ፦
እህቴ መጀመሪያ አሸዋውን አቁሚ! ይሄ ነገር ስንት ሰው ጓሮ እንዳበላሸ። የሸክላ ቅንጣት ከ 0.002 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ የአሸዋ ደግሞ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህ ትንሽ አሸዋ ስትጨምሪ ሸክላው በአሸዋው መሃል ያለችውን ክፍተት ገብቶ ይደፍናታል እንጂ አሸዋው ሸክላውን አይከፍተውም፣ ግንበኛ የሚለስንበትን ነገር ነው ያቦካሽው። አሸዋ የአፈር ጠባይ የሚለውጠው ከጠቅላላው ግማሽ በላይ ሲሆን ነው፣ ያንቺ 48 ካሬ በ 20 ሳንቲ ጥልቀት ወደ 10 ሜትር ኩብ አፈር ነው፣ ለሱ ቢያንስ ሌላ 10 ሜትር ኩብ አሸዋ ልታመጪ ነው፣ የት ልታደርጊው?

አፈሩን አውጥቶ መጣሉንም እርሺው፣ በ 30 ሳንቲ ከ 14 ሜትር ኩብ በላይ ቆፍረሽ ልትጭኚ ነው። የምትገዢው "ጥቁር አፈር" ደግሞ ከየት እንደተዛቀ አታውቂም፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ለም ነው ማለት አይደለም። በዛ ላይ ሸክላ እኮ ጠላት አይደለም፣ ካልሲየም ፖታሲየም የመሳሰሉትን ይዞ የሚያቆይልሽ እሱ ነው፣ አሸዋ ላይ የምታጠጪው ሁሉ ወርዶ ነው የሚቀረው።

ከምትገምቺ ለኪው። ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ውሰጂና ሲሶውን አፈር አድርጊ (አሸዋ ካልደረሰበት ጥግ ይሁን!)፣ ውሃ ሙይበት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል አድርጊ፣ ክንድሽ እስኪዝል ናጪውና የማይነቃነቅ ቦታ አስቀምጪው። በ 1 ደቂቃ ውስጥ ታች የሚያርፈው አሸዋ ነው፣ እዛች ላይ በማርከር መስመር አድርጊ። ከዛ በኋላ በ 2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚያርፈው ደለል ነው። ሸክላው ውሃውን እንዳደፈረሰ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ውጤቱን ይዘሽ ነይ።

የፍግ ወዳጅ፦
ኧረ ምን ጠርሙስ ምን ላቦራቶሪ ያስፈልጋታል፣ ፍግ ብቻ! እኔ ቀጥታ ከበረት ትኩሱን አምጥቼ አንድ ክንድ ያህል ደልድዬ ነው የምተክለው፣ ጎመኔን ብታዩት ጃንጥላ ያህላል። የዶሮ ኩስ ካገኘሽማ አለቀ ደቀቀ። አታካብዱባት፣ አፈር ነው እኮ።

ጋሼ ብስባሽ፦
ፍግ ጥሩ ነው ልጄ፣ ትኩሱ ግን አይሆንም። በተለይ የዶሮው ናይትሮጅኑ ኃይለኛ ነው፣ አሞኒያው የችግኝ ሥር ይለበልባል። አንተ ጎመን ላይ ስላደረግከው ዕድለኛ ሆነሃል፣ ካሮት ላይ ብታደርገው ሥሩ እንደ ሹካ ተሰነጣጥቆ ታየው ነበር። ጥሬውን ለሚበላ ነገር ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው፣ ሆድ የሚያጣድፍ ተህዋሲ አለበት። በኦርጋኒክ እርሻ የሚሠራበት ልክ አለ፣ ትኩስ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ እስከ ምርት 120 ቀን፣ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን ይጠበቃል። የተብላላ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ሌላም ልንገራችሁ፣ በራሴ ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ ሁለት ጋሪ ፍግ ከአንድ ከብት አርቢ አምጥቼ፣ ያውም ያረጀ ጥቁር የሆነ፣ ደስ ብሎኝ ሁሉም መደብ ላይ በተንኩት። ባቄላውና ቲማቲሙ ሲበቅል ጫፉ እንደ መንጠቆ እየተጠቀለለ፣ ቅጠሉ እየተኮማተረ፣ በሽታ መስሎኝ ስንቱን ነቀልኩ። ለካ ከብቶቹ የበሉት ሳር ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ብቻ የሚገድል መድኃኒት ተረጭቶበት ኖሯል። አንዳንዱ መድኃኒት በከብቱ ሆድ አልፎ፣ በፍጉ ውስጥ ከርሞም አይጠፋም። ከዛ ወዲህ የማላውቀው ፍግ ሲመጣ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ አዘጋጃለሁ፣ አንዱ ፍጉ የተቀላቀለበት፣ አንዱ ንጹሕ አፈር፣ ሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የፍጉ ባቄላ ከተጣመመ ፍጉ ወደ ጓሮ አይገባም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። እንደኔ ከሆነ ስለ አፈሩ ዓይነት ከመጨነቅሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ከቆሙት ቲማቲሞች አንዱን ጎትተሽ ሳይሆን ዙሪያውን ቆፍረሽ አውጪውና ሥሩን እዪው። ሁለተኛ 30 ሳንቲ ጥልቀት 30 ሳንቲ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ውሃ ሙይው፣ ይምጠጥ፣ እንደገና ሙይውና በሰዓት ስንት ሳንቲ እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኪ። ከ 2.5 ሳንቲ በላይ ከወረደ ደህና ነው።

ሰገነት ላይ፦
እኔ ባልኮኒ ላይ ስለሆንኩ የመሬቱ ነገር አይመለከተኝም ግን ለምን ከፍ ያለ መደብ በእንጨት አትሠሪም? የፓሌት እንጨት ይበቃል። ማህተሙን ብቻ እዪ፣ "ኤች ቲ" የሚለው በሙቀት የታከመ ነው ችግር የለውም፣ "ኤም ቢ" የሚል ካየሽ ግን በጋዝ መርዝ የታጠነ ስለሆነ አትንኪው። ያረጀ የባቡር ሐዲድ እንጨትም አይሆንም፣ የተነከረበት ዘይት መርዛማ ነው። ስፋቱን ከ 120 ሳንቲ አታስበልጪው፣ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ጋ እንዲደርስ።

እና በዚው አጋጣሚ ጋሼ፣ እቃ ላይ ለምንተክል ሰዎች ከታች ጠጠር ማድረግ ውሃ ያሳልፋል የሚባለው እውነት ነው?

ጋሼ ብስባሽ፦
አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል፣ ስለዚህ የረጠበውን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ አደረግሽው ማለት ነው። ቀዳዳው ደህና ይሁን እንጂ ሙሉውን አፈር አድርጊው።

ችግኝ ገዳይዋ፦
ተመለስኩ!! ሦስት ቀን ጠፋሁ ምክንያቱም ሸክላው እስኪወርድ ጠርሙሱን ስጠብቅ ነበር፣ የወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጬው ባለቤቴ ጭማቂ መስሎት ሊከፍተው ነበር።

ውጤቱ፣ 10 ሳንቲ ከፍታ አፈር ውስጥ 3.5 አሸዋ፣ 3 ደለል፣ 3.5 ሸክላ። ይሄ ይሄን ያህል መጥፎ ነው እንዴ? እኔ ሙሉ በሙሉ ሸክላ ነው የመሰለኝ።

ጉድጓዱ ግን አስደነገጠኝ። የመጀመሪያው ውሃ ሳይመጥ አደረ፣ ጠዋት ላይ ትንኝ ይዞርበታል። ሁለተኛውን ሞልቼ ስለካ በሰዓት 1 ሳንቲ። ስቆፍር ደግሞ 15 ሳንቲ ላይ ስደርስ አካፋው ድንጋይ የነካ መሰለኝ፣ ድንጋይ ግን አይደለም፣ አፈር ነው፣ ተደራራቢ እንደ ደረቅ ብስኩት በገጽ በገጹ የሚነሳ፣ ቀለሙ ወደ ግራጫ የሚሄድ፣ እና ሲፈርስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መሃሉ ላይ የሲሚንቶ ልስን ቁራጭ አገኘሁ፣ የሚስማር ጭንቅላት፣ የሆነ ሰማያዊ ላስቲክ።

የቲማቲሟን ሥር ደግሞ ተመልከቱ እስቲ፣ ማለቴ ፎቶ መለጠፍ አቃተኝ ልንገራችሁ፣ ወደ 12 ሳንቲ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከዛ እንደ ክርን እጥፍ ብሎ ወደ ጎን ሄዷል። ከእጥፋቱ በታች አንዲት ፀጉር እንኳ የለም። ሳየው አሳዘነችኝ።

ዶማና አካፋ፦
3.5 ሸክላ ምንም አይልም፣ ብዙ ሰው የሚመኘው አፈር ነው። አሸዋ መጨመር ቀርቶ ባትነኪውም ዓይነቱ ደህና ነበር። በቃ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ጋሼ ቀድመው ገብቷቸዋል፣ እኔ ጠርሙስ ላይ ስንደፋደፍ።

ጋሼ ብስባሽ፦
አየሽ ልጄ፣ ያ ግራጫ ነገር የቤቱ ሥራ ነው። ሲሠራ የጭነት መኪና፣ ኤክስካቫተር፣ የብሎኬት ክምር ሁሉ የተመላለሰው በጓሮሽ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ አፈሩ እርጥብ እያለ። ላይኛው ለም አፈር ለመሠረቱ ሲጠረግ ሄዷል፣ የቀረው የታችኛው ነው፣ እሱም ተጠቅጥቋል። አየር ስለሌለው ነው እንደዛ የሚሸተው፣ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ የሆነውም ሥሩ ምግብ መሳብ ስላቃተው ነው፣ ማዳበሪያ ብትከምሪበትም ያው ነው።

እና የምታደርጊው ይሄን ነው። 48ቱን ካሬ በአንዴ አትንኪው፣ 120 ሳንቲ በ 3 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ምረጪ። አፈሩ እርጥበት ይኑረው ግን ጭቃ አይሁን፣ ጭብጥ አድርገሽ ጣል ስታደርጊው የሚፈረካከስ ከሆነ ጊዜው ነው፣ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ ጥቂት ቀን ታገሺ፣ እርጥብ ሸክላ መቆፈር ማለት ራሱ ጡብ መሥራት ነው። ከዛ ባለ ጥርስ የመቆፈሪያ ሹካ ካለሽ በሱ፣ ከሌለሽ ድጅኖ፣ በየ 20 ሳንቲው እስከ 35 እና 40 ሳንቲ ወደ ታች ሰክተሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ ሰንጥቂው። አትገልብጪው! የታችኛውን ወደ ላይ አታምጪው፣ ስንጥቅ ብቻ ነው የምንፈልገው። ሥራው ይከብዳል፣ ወገብ ይዘሽ ግቢ።

ወዲያው በላዩ ላይ 7 ሳንቲ ያህል የበሰለ ኮምፖስት አልብሺው፣ ለዛ መደብ ወደ 250 ሊትር ይሆናል፣ ስንጥቁ ውስጥ እየወረደ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይ ገለባ ጉዝጓዝ ከ 5 እስከ 10 ሳንቲ፣ ግንዱን ሳይነካ ትንሽ ራቅ ይበል፣ ከነካው ይበሰብሳል። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ እግር የሚባል እንዳይወጣ፣ ልጅም ቢሆን፣ ድመትም ብትሆን። መሄጃ ለይተሽ ሳንቃ አንጥፊበት።

አመዱን ግን አቁሚ። አመድ አፈርን ከአሲድ ያርቃል፣ ያንቺ ደግሞ የሲሚንቶ ፍርፋሪ አለበት፣ እሱም የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ ሁለቱ ተደምረው ፒኤቹን (አሲድነቱ ሲቀንስ ከፍ የሚለውን መለኪያ) ወደ 8 ሊወስዱት ይችላሉ። አብዛኛው አትክልት ከ 6 እስከ 7 መሃል ነው የሚስማማው። ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ያለው መለኪያ ገዝተሽ እዪው፣ ልስኑንም ያየሽውን ሁሉ ልቀሚ።

ሰገነት ላይ፦
ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ከሠራች ይሄ ሁሉ ቁፋሮ ይቀርላታላ?

ዶማና አካፋ፦
አይቀርላትም። በዛ ጠንካራ ነገር ላይ መደብ ብትሠሪ ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ከታች ይሞላል። መጀመሪያ ሰንጥቆ ከዛ ከላይ እንጨቱን ካደረገች ግን ግሩም ነው፣ እንጨቱ ሌላው ቢቀር ሰው እንዳይረግጠው ያደርጋል።

የእንቁላል ቅርፊቱን በተመለከተ ሳይፈጭ ብትበትኚው ለዓመታት እዛው ታገኚዋለሽ። የቲማቲም ቂጡ ጥቁር ሲሆን ካልሲየም አነሰው እያሉ ቅርፊት የሚከምሩ አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ካልሲየሙ አፈር ውስጥ አለ፣ ውሃው አንድ ቀን ጎርፍ አንድ ሳምንት ድርቅ ስለሚሆን ነው ወደ ፍሬው የማይደርሰው። የቡና አተላውን ኮምፖስት ውስጥ አስገቢው፣ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ወፈር አድርገሽ ከበተንሽው ግን ደርቆ ቆዳ ይሆንና ውሃ አያስገባም።

የፍግ ወዳጅ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ የባቄላውን ነገር ግን እኔም ልሞክረው ነው፣ ባለፈው ዓመት ቃሪያዬ ጥቅልል ብሎ ሰው ዓይን ነው ብዬ ነበር።

ችግኝ ገዳይዋ፦
ከ 5 ወር በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ። አንዱን መደብ ጋሼ እንዳሉት ሰነጠቅኩት፣ ባለቤቴ "ዝም ብለሽ ነው" ስላለ አጠገቡ ያለውን እኩል መደብ ሳልሰነጥቀው እኩል ኮምፖስት ብቻ አልብሼ ተውኩት። የመጀመሪያውን ድጅኖ ስሰካ ሙሉ ሰውነቴን ጥዬበት ነው የገባው፣ ወደ ኋላ ስስበው ደግሞ መሬቱ ቅጭጭ የሚል ድምፅ አውጥቶ ከፍ አለ፣ በስንጥቁ ያ የእንቁላል ሽታ ወጣ። 3 ሜትሩን ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ እጄ ውሃ ቋጠረ።

አሁን በተሰነጠቀው ውሃ በሰዓት 4 ሳንቲ ይወርዳል፣ በሌላው አሁንም 1 ከምናምን። የዘራሁት ካሮት በአንደኛው መዳፌን ያልፋል፣ በሌላው እንደ ጣት አጭር ሆኖ ጫፉ ዱልዱም ሆኗል። ጉዝጓዙን ገለጥ ሳደርግ ትሎች አየሁ፣ የምድር ትል ማለቴ ነው፣ ስድስት ቆጥሬ እንዳይደርቁ መልሼ ሸፈንኳቸው። ባለቤቴ ምንም አላለም ግን ትናንት ሁለተኛውን መደብ በድጅኖ ሲሰነጥቅ አገኘሁት፣ ያውም ከእኔ ጠለቅ አድርጎ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ የራሴን ኮምፖስት ክምር ጀምሬ ነበር፣ 1 ሜትር በ 1 ሜትር፣ የወጥ ቤት ልጣጭና የታጨደ ሳር ነው የሞላሁት፣ ጎረቤት እስኪሰማ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል። ሞቷል?

ጋሼ ብስባሽ፦
አልሞተም፣ ጠግቧል። ሳርና ልጣጭ ብቻ ሲሆን ናይትሮጅኑ ይበዛና የተረፈው በአሞኒያ ይወጣል። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ወደ 30 እጥፍ ያህል እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ ያን በቤት ማስላት አይቻልም፣ በባልዲ አስቢው፣ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። አገላብጪው። ስትጨምቂው እንደተጨመቀ ስፖንጅ ከሆነ እርጥበቱ በቂ ነው። ሲሞቅ ከ 55 እስከ 65 ዲግሪ ይግባ፣ ብረት ሰክተሽ ስታወጪው እጅሽ ላይ ማቆየት ካቃተሽ እየሠራ ነው። 70ን ካለፈ ግን የሚሠሩትን ተህዋሲያን ራሳቸውን ይገድላል፣ ቶሎ ገልብጪው።

ችግኝ ገዳይዋ፦
ካርቶንስ ከአዲሱ ቤት ዕቃ የተረፈ ጋራዥ ሙሉ አለ። ስኮቹን ልጬ ነው አይደል የማስገባው?

ዶማና አካፋ፦
አዎ ስኮቹንም ስቴፕሉንም። የሚያብረቀርቀውን ካርቶን ተዪው።